በመናኸሪያ አጠገብ ቤት ስለ መከራየት፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች

መግቢያ

ስለ ቤት ኪራይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ከጥናት መጽሔት ይልቅ ለሰፈር ወሬ የሚስማማ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ከገጠር ወጥቶ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ከተማ የገባ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው ጥያቄ «ዛሬ ማታ የት አድራለሁ?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሚነሣበትም ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም መንገደኛው ከአውቶቡስ የሚወርድበት መናኸሪያ ነው።

ባለፈው ክረምት ሦስት ተማሪዎች ሆነን ለጥናት ሥራ ወደ ወልቂጤ ወርደን ከመናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ስንገባ የነሐሴን፣ የመስከረምንና የጥቅምትን ኪራይ በቅድሚያ በእጅ ከፈልን፤ ደረሰኝ አልተቀበልንም፤ ውልም አልጻፍንም። የመስቀል በዓል ሲቃረብ አከራያችን «ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡብኝ ቤቱን በስምንት ቀን ውስጥ ልቀቁልኝ» አሉን። ያልኖርንበትን ጊዜ ገንዘብ ይመልሱልን ብንል «ምን ያህል እንደ ሰጣችሁኝ የሚያውቅ ማን ነው?» የሚል መልስ አገኘን። በመጨረሻው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገብተውበት ከገንዘቡ ከፊሉ ተመለሰልን፤ ጥናታችን ግን ሳይፈጸም ቀረ።

ይህን የምናነሣው እኒያን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ በኋላ ጓደኞቻችንን ብንጠይቅ ተመሳሳይ ነገር ያልደረሰበት ጥቂት ሆኖ ስላገኘነው ነው እንጂ። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው ጠባይ ሳይሆን የአሠራር ጉድለት መሆኑን ተረዳን። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው በመናኸሪያ አጠገብ ቤት እንዴት እንደሚገኝ፣ ዋጋው ከወዴት እንደሚመጣ፣ ሕጉም ተከራዩን እስከ ምን ድረስ እንደሚጠብቀው ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ በመናኸሪያ አጠገብ የሚከራየው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱም አብሮ ይከራያል። መንገዱን ደግሞ የሠራው አከራዩ ሳይሆን ሕዝብ ነው። እንግዲህ ተከራዩ ለመንገዱ ጭምር ከከፈለ፣ በምትኩ ቢያንስ በሰላም የሚቀመጥበት የታወቀ ጊዜ ሊያገኝ ይገባዋል።

ሁለቱ ከተሞችና መንገዶቻቸው

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በዓለም ገና በኩል ጢያን አልፎ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት፤ ርቀቷም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ከተሞች ለዓመታት በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አስተዳደሩ በአዲስ መልክ ተዋቀረ፤ ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው።

የእነዚህን ከተሞች እድገት ከመንገድ ለይቶ ማየት አይቻልም። የጉራጌ ተወላጅ ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ መርካቶ፣ መውጣቱ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች ከየገቢያቸው ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። አንዱ ከወልቂጤ ተነሥቶ በሰባት ቤት ጉራጌ ምድር በእምድብር በኩል ለሚያልፈው መንገድ የሠራ ነበር፤ ሌላው ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ለሚዘልቀው መንገድ የተቋቋመ ነበር። ነጋዴው ከሱቁ፣ ሊስትሮው ከሣንቲሙ፣ ገበሬውም ከጉልበቱ አዋጣ። ይህን ታሪክ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዛሬ በሁለቱ መናኸሪያዎች ዙሪያ ሕይወት ገና ከማለዳው ይጀምራል። ረዳቶች የመንገዱን ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፤ ባጃጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ቆጮና ቅቤ፣ ጫትና በርበሬ በየአቅጣጫው ይጫናል፣ ይራገፋል። ጎኑን ለማሳረፍ ቤርጎ የሚፈልገው መንገደኛ፣ በአዲስ ምድብ የመጣው መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሸቀጥ የሚያመላልሰው ነጋዴና ለትምህርት የመጣው ወጣት ሁሉ በአንድ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ቤት ይሻሉ። በወልቂጤ በኩል ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በጉብሬ ስለሚገኝ፣ ከግቢ ውጭ የሚኖረው መምህርና ሠራተኛ በከተማውና በጉብሬ መካከል ሲመላለስ ለመጓጓዣ የሚቀርብ ቤት ቢመርጥ አያስደንቅም።

የሚከራዩት ቤቶች ምን ዓይነት ናቸው?

በመናኸሪያ አካባቢ የሚከራየውን ቤት በሦስት ልንከፍለው እንችላለን።

አንደኛው ቤርጎ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በአንድ ሌሊት ሒሳብ የሚከራየውን የመኝታ ክፍል ያመለክታል። አንዳንድ ሠራተኛ ቤት እስኪያገኝ ድረስ በወር ተስማምቶ ይቀመጥበታል። አልጋና መብራት አለው፤ ነገር ግን ምግብ ማብሰል አይፈቀድም፤ ሌሊትም የሚመጣና የሚሄድ ስለማይጠፋ ለጥናት አይመችም።

ሁለተኛው ሰርቪስ የሚባለው ነው። ይህ ከዋናው ቤት ጀርባ ወይም በግቢው አጥር ጥግ በመደዳ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ አንድ አንድ ክፍል ነው። ውሃው፣ መጸዳጃ ቤቱና የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው። አብዛኛው ተማሪና ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሠራተኛ የሚኖረው በዚህ ነው። አከራዩም በዚያው ግቢ ስለሚኖሩ ኪራዩ የገንዘብ ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ እንግዳ የሚያድርበትና የማያድርበት ሁኔታ፣ የልብስ አጠባ ቀን፣ የውሃ ተራ ሁሉ የሚወሰነው በባለቤቲቱ ቃል ነው። ተከራይም «እትዬ» ብሎ ይታዘዛል፤ በበዓል ቀን ቡና ይጠራል፤ ሲታመም ሾርባ ይላክለታል። ይህ መልካም ጎኑ ነው። ሆኖም በዚህ ዓይነት ቤተሰባዊ መቀራረብ ውስጥ «ውል እንጻፍ» ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ችግሩም የሚወለደው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው የቀበሌ ቤት ነው። ስለ አመጣጡ ሕጉን ስንመለከት እናነሣዋለን። ለጊዜው ይህን ማወቅ ይበቃል፤ ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ሆነ አንዴ የያዘው ሰው አይለቀውም፤ ስለዚህ አዲስ መጪ ሊያገኘው የሚችል ቤት አይደለም።

ቤቱ የሚገኝበት መንገድ

በእነዚህ ከተሞች ቤት የሚገኘው በሦስት በር ነው፤ በዘመድ፣ በደላላና በእግር።

በዘመድ የሚገኘው ከሁሉ ይሻላል። አንድ የአገር ሰው «ልጁ የእገሌ ልጅ ነው፤ አውቀዋለሁ» ብሎ ከመሰከረለት አከራዩ ሌላ ዋስ አይጠይቁም። እንግዲህ ዘመድ እንደ ሰነድ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግን ይህ ሰነድ የለውም፤ ስለዚህ ተያዥ እንዲያመጣ ወይም ብዙ ወር በቅድሚያ እንዲከፍል ይጠየቃል። ላጤ ከሆነ ደግሞ ከባለትዳር ይልቅ ይጠረጠራል፤ ሴት ተማሪ ከሆነች ጥያቄው ይበዛባታል። የቅድሚያ ክፍያ ብዛት የሚለካው በቤቱ ጥራት ሳይሆን ተከራዩ በሰፈሩ ባለመታወቁ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ደላላው የሚገኘው በመናኸሪያው በር ነው። ሻንጣ የያዘ ሰው ሲያይ ገና ሳይጠየቅ ይጠጋል። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ባዶ ቤት የትኛው እንደ ሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ድርሻው የሚያድገው ኪራዩ ሲያድግና ቤቱ ቶሎ ቶሎ ሲለቀቅ ስለ ሆነ፣ ተከራይ ረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። ይህን የምንለው ደላሎችን ለመንቀፍ ሳይሆን የጥቅሙን አቅጣጫ ለማሳየት ነው።

በእግር መፈለግ አድካሚ ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የሚያዋጣ ይሆናል። በየበሩ እያንኳኩ «የሚከራይ ክፍል አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ከሱቅ ነጋዴና ቡና አፍልታ ከምትሸጥ ሴት የሚገኘው ወሬም ከደላላው አያንስም። በዚህ ሁኔታ ቤት የሚፈልግ ሰው ቤቱን በቀን ብቻ ሳይሆን በማታም፣ ከተቻለም ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ቢያየው ይጠቀማል። የመናኸሪያው ጡሩምባ የሚሰማው ከንጋት በፊት ነው፤ የቆርቆሮው ቀዳዳም የሚታወቀው በዝናብ ነው።

ዋጋው ከወዴት ይመጣል?

አንድ ዓይነት ግድግዳ፣ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ዋጋቸው ስለ ምን ይለያያል? ይህን ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ አስበውበታል። ፎን ቲዩነን የተባለ ጀርመናዊ ባለ እርሻ በ1826 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለከተማ ገበያ የቀረበ መሬት ከራቀው መሬት የበለጠ ኪራይ የሚያስገኘው የምርቱ ማጓጓዣ ስለሚቀንስ መሆኑን አስረዳ። ዊልያም አሎንሶ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ ወደ ከተማ ቦታ አምጥቶ፣ ሰው ለመሬት የሚከፍለውና ለመጓጓዣ የሚከፍለው እንደ ሚዛን ሁለት ጎኖች መሆናቸውን አሳየ።

አሳቡን ወደ አገራችን መንገድ እናምጣውና ለምሳሌ ያህል ብቻ የታሰበ ሒሳብ እንሥራ። ከመናኸሪያው አጠገብ ያለች ክፍል በወር 3,000 ብር፣ በእግር የአርባ ደቂቃ መንገድ የምትርቀው ደግሞ 2,200 ብር ትከራያለች እንበል። በሩቁ ቤት የሚኖረው ሰው በቀን ሁለት ጊዜ በ15 ብር ባጃጅ ቢሳፈር፣ በወር 26 የሥራ ቀን ስንቆጥር 780 ብር ያወጣል። ኪራዩን ስንደምርበት 2,980 ብር ይሆናል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት 20 ብር ብቻ ነው። አከራዩ የጠየቁት ተጨማሪ 800 ብር ከግድግዳው የመጣ አይደለም፤ ተከራዩ ለባጃጅ ሊከፍለው የነበረውን ገንዘብ ነው የወሰዱት። በእግሩ ለመሄድ የቆረጠ ሰው ግን 800 ብሩን ይዞ ይቀራል፤ የሚከፍለው በጊዜውና በጉልበቱ ነው።

ከዚህ ላይ የመግቢያውን ወጪ ብንጨምር ነገሩ ይብስ ይከብዳል። የሦስት ወር ቅድሚያ 9,000 ብር ነው። ደላላው ከአንድ ወር ኪራይ አሥር በመቶ ቢወስድ 300 ብር ይሆናል። አዲስ ተቀጣሪ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር 9,300 ብር ማቅረብ አለበት ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ከእቁብ ወይም ከዘመድ ተበድሮ የከፈለ ሰው በሁለተኛው ወር ልቀቅ ቢባል የሚጎዳው ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ይገምት።

በዓመቱ ውስጥ ዋጋው የሚናወጥበት ጊዜ ደግሞ አለ። መስከረም 17 ቀን ለሚውለው የመስቀል በዓል በየከተማው የተበተነው ተወላጅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሙስሊሙ ደግሞ ለዐረፋ ይመጣል። በዚህ ሰሞን በመናኸሪያ አካባቢ አልጋ ይጠፋል። በወር የሚከራይ ክፍል በሌሊት ሒሳብ ቢከራይ የበለጠ ስለሚያስገኝ፣ ውል የሌለው ተከራይ የሚገፋው በዚህ ጊዜ ነው። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ የአከራዩን ወገን አለማየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በእነዚህ ከተሞች አከራይ ሲባል ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። ባላቸው ሞቶባቸው ከሁለት ሰርቪስ ክፍሎች በሚያገኙት ኪራይ ልጆች የሚያስተምሩ እናቶች አሉ። የእህል ዋጋ ሲወደድ ኪራዩ ባለበት ቢቆም የሚራቡት እነርሱ ናቸው። ሳይከፍል በሌሊት ሻንጣውን ይዞ የሚጠፋ ተከራይም አለ። ስለዚህ አከራይዋ የቅድሚያ ክፍያ መፈለጋቸው ከስግብግብነት ብቻ የመጣ ሳይሆን የዋስትና እጦት የወለደው ነው። ሁለቱም ወገን የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ መተማመኛ የሚሆን ነገር በመካከላቸው የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የቤት ኪራይ ሕግ ሦስት ዘመናትን አሳልፏል ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አከራዩ ቤቱን ለአገልግሎት ብቁ አድርጎ እንዲያስረክብ፣ ተከራዩም ኪራዩን በጊዜው እንዲከፍልና ቤቱን በጥንቃቄ እንዲይዝ ያዛል። የሕጉ መንፈስ ሁለቱ ወገኖች በነፃ ፈቃድ ይዋዋሉ የሚል ነው።

ሁለተኛው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በዚህ አዋጅ በግል ቤት አከራይቶ መኖር ተከለከለ፤ ዝቅተኛ ኪራዮችም ተቀነሱ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በወልቂጤም በቡታጅራም የቀበሌ ቤት የሚባለው ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። አዋጁ የነባሩን ተከራይ ሸክም አቀለለ፤ ነገር ግን ኪራዩ ለጥገና እንኳ ስለማይበቃ ቤቶቹ እያረጁ ሄዱ፤ ለመከራየት ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራም ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የግል ኪራይ እንደገና ተስፋፋ።

ሦስተኛው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋና ዋናዎቹ ድንጋጌዎች እነዚህ ናቸው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ የክፍያ ዘዴ ይፈጸማል። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቆጣጣሪው በሚወስነው መጠን ይደረጋል። በክልሎች ግን አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለ ሆነ፣ ተከራይ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

እነዚህን ድንጋጌዎች ከላይ ከጻፍነው ታሪክ ጋር ብናስተያያቸው ትርጉማቸው ይገለጣል። ሦስት ወር ከፍለን ነበር፤ ሕጉ ከሁለት አይለፍ ይላል። በእጅ ከፍለን ነበር፤ ሕጉ በባንክ ይሁን ይላል፤ በባንክ ቢሆን ኖሮ «የሚያውቅ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። በስምንት ቀን ውጡ ተባልን፤ ሕጉ ሁለት ዓመት ይላል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ ብቻ አልነበረም፤ ሕጉን የምናስይዝበት ወረቀትም በእጃችን አልነበረም። ሕግ ያለ ወረቀት፣ ምሶሶ እንደሌለው ጎጆ ነው።

ከአራዳ የሚገኝ ትምህርት

ነገሩ የትናንሽ ከተሞች ብቻ እንዳይመስል ወደ አዲስ አበባ እንመልከት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በሁለት መስመር 39 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ የሰሜን ደቡቡ መስመር ከቃሊቲ ተነሥቶ በአውቶቡስ ተራ፣ በጎጃም በረንዳና በአትክልት ተራ አልፎ እስከ ምኒልክ አደባባይ የተዘረጋ ነው። ይህ የአራዳና የመርካቶ ምድር ከአዲስ አበባ ጥንታዊ ሰፈሮች ወገን ነው፤ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ወጥቶ የሄደው ብዙ ሰው የመጀመሪያ ማደሪያውን ያገኘውም በዚያው አካባቢ ነው።

ጣቢያ በቀረበ ቁጥር ቦታው ይፈለጋል። በዚያ ሰፈር ግን ብዙዎቹ ቤቶች አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ስለ ነበሩ፣ የቦታው ዋጋ ቢያድግም የነባሩ ተከራይ ኪራይ አልጨመረም። በ2016 ዓ.ም. በከተማዋ የኮሪደር ልማት በተጀመረ ጊዜ በፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። በቀበሌው መዝገብ ስሙ የሰፈረ ተከራይ ምትክ ቤት ለመጠየቅ የሚይዘው ሰነድ አለው። ከዚያ ተከራይ ላይ አንዲት ክፍል በቃል ተከራይቶ የሚኖረው ደባል ግን ምን ይዞ ይጠይቃል? ሰፈር በእርጅናውና በታሪኩ ቢከበርም፣ ጣቢያ ቢቀርበውም፣ ወረቀት የሌለው ተከራይ በዚያ ሰፈር እንደ መንገደኛ ነው።

የሌላውንም ዓለም ታሪክ ማስተያየት ይጠቅማል። በ1863 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡር የከፈተው የሜትሮፖሊታን ኩባንያ፣ ኋላ ሐዲዱን ወደ ገጠር ሲያስረዝም በጣቢያዎቹ አጠገብ በያዘው መሬት ላይ ቤት እያሠራ በመሸጥ ብዙ አተረፈ። በዚያ መንገድ የሠራው ራሱ ከመንገዱ የመጣውን የቦታ ዋጋ ሰበሰበ። በእኛ አገር ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነውን ታሪክ እናስታውስ። የወልቂጤና የቡታጅራ መንገዶች እንዲሠሩ ያዋጣው ሕዝብ ነው። ከመንገዱ የመጣውን የቦታ ዋጋ የሚሰበስበው ግን ግቢው በመናኸሪያው አጠገብ ሆኖ የተገኘለት ሰው ነው። የሚከፍለውም ምናልባት አያቱ ለዚያው መንገድ ያዋጡ ወጣት ተከራይ ነው።

ይህን ስንል ንብረት ይወረስ ማለታችን አይደለም፤ የ1967ቱ ታሪክ የዚያን መንገድ ውጤት አሳይቶናል። የጉራጌ መንደር አንድ መልካም ምሳሌ ይሰጠናል። በመንደሩ መካከል የሚዘረጋው ሰፊ ሣራማ ጎዳና ጀፎረ ይባላል። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱም ባለቤት በቤቱና በእንሰቱ ላይ ሙሉ መብት አለው፤ ጀፎረውን ግን ማንም አጥሮ የራሱ ሊያደርገው አይችልም። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎታል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህ ይህ ባህል ሰው በተቀመጠበት ስፍራ ተረጋግቶ መቆየት እንዳለበት ያውቃል። ከዚህ ባህል የወጣች ከተማ ለተከራይዋ ሁለት ዓመት መንፈጓ አይገባም።

ተከራይ ሊያደርገው የሚገባ

ከላይ ከተነገረው በመነሣት ለጓደኞቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ ገንዘብ ከመስጠት በፊት የመጓጓዣውን ሒሳብ መሥራት። የቅርቡ ቤት ውድነት ከባጃጁ ወጪ ከበለጠ ሩቁ ይሻላል።

2ኛ/ ውል በጽሑፍ ማድረግ። ውሉ የሁለቱን ወገኖች ስም፣ የቤቱን አድራሻ፣ የኪራዩን ልክ፣ የተከፈለውን ቅድሚያ፣ ዘመኑን፣ የመብራትና የውሃ አከፋፈሉን ይያዝ። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ አንድ አንድ ቅጂ በየእጃችሁ ይሁን፤ መዝጋቢ ባለበት ከተማም ይመዝገብ።

3ኛ/ ኪራዩን በባንክ መክፈል። አከራዩ የባንክ ሒሳብ ከሌላቸው ቢያንስ በፊርማ የተረጋገጠ ደረሰኝ መቀበል።

4ኛ/ ስለ መስቀልና ስለ ዐረፋ ሰሞን አስቀድሞ መነጋገር። አከራዩ ለእንግዳ ክፍሉን ከፈለጉ፣ ተከራዩም በዓሉን ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ከሆነ፣ ለእነዚያ ቀናት ብቻ በስምምነት መልቀቅና ከኪራዩ መቀነስ ይቻላል። ይህም ለሁለቱም ይጠቅማል።

5ኛ/ ሲገቡ የቤቱን ሁኔታ በምስክር ፊት አይቶ ጉድለቱን መጻፍ። ሲወጡ የተሰበረ መስኮት ክርክር የሚያስነሣው ሲገቡ ስላልተጻፈ ነው።

«ውል እንጻፍ» ሲባል አከራዩ እንዳይከፋቸው አነጋገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ በሁለተኛው ጊዜ በቡታጅራ ክፍል ስንከራይ አከራይዋን «እትዬ፣ እኛ ብንጠፋብዎ ማንን ይይዛሉ? ለእርስዎም መያዣ እንዲሆን በወረቀት እናድርገው» ብለን ነገርናቸው። በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎም ልጃቸውን ጠርተው ወረቀትና እስክሪብቶ እንዲያመጣ አዘዙት። ከዚያ በኋላ ቡናውም እንደ ቀድሞው ተፈላ፤ ዝምድናውም አልተበላሸም። ወረቀቱ ፍቅርን አልቀነሰም፤ ጥርጣሬን ቀነሰ እንጂ።

መደምደሚያ

በመናኸሪያ አጠገብ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል የብዙ ነገር መገናኛ ናት። በውስጧ የመንገዱ ታሪክ፣ የገበያው ሕግ፣ የመንግሥት አዋጅና የሰፈሩ ባህል አብረው ይኖራሉ። የቦታው ዋጋ ከሕዝብ ድካም የመጣ መሆኑ ከታወቀ፣ አከራዩ ትርፉን ሲያገኙ ተከራዩም መረጋጋትን ቢያገኝ ሚዛኑ ይስተካከላል። ለዚህም ማዘጋጃ ቤቶች የምዝገባውን ሥራ ቢያቀሉት፣ አንድ ገጽ የሆነ የውል ቅጽ አዘጋጅተው በየቀበሌው ቢያስቀምጡ፣ እድሮችም የሰፈራቸውን አከራዮች ቢያስተምሩ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መልካም ሥራ ይሆናል።

እኛ ተማሪዎች ነን፤ ያየነውም ጥቂት ነው። ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ መምህራንና ጓደኞች ጉድለታችንን ቢያርሙ፣ በሌሎች ከተሞች ያለውንም ቢያጠኑ ደስታችን ነው። እስከዚያው ድረስ በመጪው መስቀል ሰሞን ከመናኸሪያ አጠገብ በቃል ብቻ ተከራይቶ የሚገኝ ጓደኛ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ዛሬውኑ ወረቀት ይግዛ።